አንዲት ላም የመለሰችው ንጉሥ

(በመርሳ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ የመተዳደሪያ ደንባችን ማሻሻያ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት፣ ከአባሎቻችን አንዷ የሆኑት ጡረተኛ የታሪክ መምህርት ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ ከወልድያ፣ ከመርሳ ከተማና ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች በእግርም በባጃጅም የመጣችሁ የማኅበራችን አባላት፤ የተከበራችሁ እንግዶቻችንና ደጋፊዎቻችን፤

ሰብሳቢያችን «ከድምፁ በፊት ትንሽ ታሪክ ንገሪን፤ ግን እንደ ክፍል ውስጥ እንዳታስረዝሚው» ብላኛለች። እሞክራለሁ። ጠመኔ ይዞ ለኖረ ሰው ማሳጠር ከባድ ነው፤ ታገሡኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት አንቀጽ ስለ ብድር መያዣ ነው። ብድሯን መመለስ ያቃታት አባል ንብረቷ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ? ቢወሰድስ የትኛው? እኔ የምነግራችሁ ደግሞ ከ800 ዓመት በፊት ስለነበረ ንጉሥ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንዲት ላም ናት።

ላሊበላ የሰው ስም ነው

ከወልድያ ተነስቶ ድልብን የወጣ፣ ጋሸና ሲደርስ ወደ ቀኝ የታጠፈ መንገደኛ በዚያው ቀን ላሊበላ ይገባል። ሰሜን ወሎ ውስጥ ነው፤ አገራችን ነው። አብዛኞቻችን ለገናም ሆነ ለሥራ ሄደናል፤ ያልሄድንም በቴሌቪዥን አይተነዋል። ሳስተምር ግን በየዓመቱ የሚገርመኝ ነገር ነበር። ተማሪዎቼ ስለ ዐለቱ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ያውቃሉ፤ ላሊበላ የሰው ስም መሆኑን ግን ይረሱታል። እናት የወለደችው፣ ያገባ፣ የተሰደደ፣ የነገሠ ሰው ነበር።

የኖረው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፣ በዛጔ ነገሥታት ዘመን ነው። ዛጔዎች የአገው ሰዎች ነበሩ፤ መቀመጫቸው ላስታ ነበር። ያቺ የዛሬዋ ላሊበላ ከተማ ያኔ ሮሐ ትባል ነበር። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱን እስኪወስድ ድረስ የአገሪቱ ልብ እዚህ፣ ከእኛ ተራራ ማዶ ነበር ማለት ነው።

ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካለፈ ብዙ ቆይቶ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ከገድሉ የምናገኘው ሰው ሲያወራው፣ ሲጸልይበት የኖረውን ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ንጉሥ ታሪክ ውስጥ በየመታጠፊያው የምናገኘው ሴት ነው።

መጀመሪያ እናቱ አለች። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው ይላል ትውፊቱ። እናቱ አይታ አልጮኸችም፤ ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁ ብላ ስሙን ላሊበላ አለችው። ስም ያወጣችለት እናቱ ናት።

ቀጥሎ እህቱ አለች፤ የአባቱ ልጅ። በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ነው። ይህ ልጅ ወንድሜን ይነቅለዋል ብላ መርዝ ሰጠችው ይባላል። ከጽዋው አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆኑ ሞተ። ስለ ሴቶች የምናወራው ሁሉ ጥሩ ጥሩው ብቻ እንዳይሆን ይችንም አነሣኋት።

ሦስተኛዋ ሚስቱ ናት፤ መስቀል ክብራ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት በተለይ ስለ እሷ ነው።

ላሊበላ ሲነግሥ ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል ሆነ። ሳላሃዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 ስለነበር፣ ላስታ ላይ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ለመሥራት ነው የታሰበው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ወንዙን ዮርዳኖስ፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ጎልጎታ ማለታቸውም ለዚህ ነው ይላሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠሩም፤ ከዐለት ተፈልፍለው ወጡ። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ያየውን ከጻፈ በኋላ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ተጨንቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገባቸው።

ከነዚህ አንዱ ቤተ አባ ሊባኖስ ይባላል። ጎኖቹ ከዐለቱ ተላቀዋል፤ ጣራው ግን አሁንም ከተራራው ጋር አንድ ነው። ይህን ያሠራችው መስቀል ክብራ ናት ይላል ትውፊቱ፤ ለባሏ መታሰቢያ እንዲሆን። ሌሊት መላእክት አገዟት ይባላል። እኔ በክፍል ውስጥ ይህን ስናገር «መላእክቱ ሲያግዙ ውኃ የቀዳው ማነው? ለጠራቢዎቹ እንጀራ የጋገረውስ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። የማንም መጽሐፍ አይመልሰውም፤ ልጃገረዶቹ ግን ቶሎ ይገባቸው ነበር።

የአንድ ድሃ ላም

አሁን ወደ ላሚቱ እንምጣ።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ላሊበላ ሸመገለ። መስቀል ክብራ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ እንዲለቅለት መከረችው፤ እሱም ሰማት። ነአኩቶ ለአብ ነገሠ። ይህ ሰውም በቤተ ክርስቲያን እንደ ቅዱስ የሚታይ ነው፤ ከላሊበላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከዋሻ ሥር ያለው፣ ከዐለቱ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቤተ ክርስቲያን በስሙ ይጠራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስምሩበት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነአኩቶ ለአብ አንድ ዓመት ተመንፈቅ ገዛ። አንድ ቀን የእሱ ወታደሮች ለንጉሥ ማዕድ የሚሆን ከብት ፍለጋ ወጡ። አንድ ድሃ ገበሬ ደጅ ደረሱ። ሰውየው አንዲት ላም ብቻ ነበረችው። እሷኑ ነድተው ወሰዷት።

ነገሩ መስቀል ክብራ ጆሮ ገባ። ወደ ባሏ ሄደች፤ ዙፋኑን መልሰህ ያዝ አለችው። ላሊበላም ተመልሶ ነገሠ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አጭር ነው። ከጦርነትም፣ ከድርቅም፣ ከባዕድ ወረራም ይልቅ፣ ትውፊታችን ንጉሥን የሚያነሣና ንጉሥን የሚያወርድ ነገር ሲፈልግ ያገኘው የአንድ ድሃ ላም ነው።

ለምን ላም? ከዚህ አዳራሽ ውጭ ለሚኖሩ እንግዶቻችን ላስረዳ፤ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንዲት ላም ወተት ናት፤ ወተቱ በቅል ተንጦ ቅቤ ነው፤ ቅቤው ገበያ ወርዶ ጨውና ደብተር ነው። ኩበቷ እንጀራ ያበስላል። ጥጃዋ ወንድ ከሆነ የነገ በሬ ነው፤ በሬ ከሌለ ደግሞ መሬትህን በእኩል ለሌላ ሰጥተህ ትቀመጣለህ። ሁለት ላም ካለው ሰው አንዷን ብትወስድበት ይከፋዋል፤ ይኖራል። አንድ ላም ካለው ሰው አንዷን ብትወስድበት ግን ቤቱን ነው የፈታህበት። የንጉሡ ወታደሮች «አንድ ላም» ብለው ነው የቆጠሩት። መስቀል ክብራ ግን ለዚያ ቤት «ብቸኛዋ ላም» መሆኗ ታያት።

አንዳንዶቻችሁ ዙፋን በላም ምክንያት አይወርድም፣ ይህ ተረት ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከዚሁ አገር ያየሁት አለ። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ ከብት በየገበያው በምናምን ይሸጥ ነበር፤ ገዥም ይጠፋ ነበር። አባቴ በሬያችንን ወደ ገበያ ነድቶ፣ ሳይሸጥ መልሶ ሲያመጣው ትዝ ይለኛል። በማግስቱ ከደጃችን ወደቀ። ሕዝቡ በመኪና መንገድ ዳር እያለቀ አዲስ አበባ ያለው መንግሥት ነገሩ እንዳይወራ ይደብቅ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ለዓለም አሳየው። ያው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እየተቀያየረ፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወደቁበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እዚህ ሁሉን አልዘረዝርም። ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የእኛ የወሎዎች ከብትና የእኛ የወሎዎች ሬሳ ነበር።

የታሪክ መምህርነቴ ደግሞ እውነቱን ሁሉ እንድናገር ያስገድደኛል

ይህን የላሊበላን ትውፊት እንዳለ የማይቀበሉ ሊቃውንት አሉ። ታላቁ የታሪክ ምሁራችን ታደሰ ታምራት ነገሩን ተጠራጥሯል። ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን በሰላም ተቀብሎ በሰላም መለሰ የሚለው፣ ምናልባት በመካከሉ የተደረገን የሥልጣን ትግል የሚሸፍን ሊሆን ይችላል ብሏል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕዝብ አንድን ትግል በሌላ ታሪክ ሲሸፍነው፣ የሚሸፍንበትን ጨርቅ ራሱ ይመርጣል። ለስምንት መቶ ዓመት ይህ አገር የመረጠው ጨርቅ፣ ድሃ ሲበደል ንጉሥ ይለወጣል የሚል ነው። ይህም ታሪክ ነው።

ስለ መስቀል ክብራም አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። እሷን የምናገኛት በእኛ ትውፊት ብቻ አይደለም፤ በግብፅ የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥም ስሟ አለ። እዚያ የምናገኛት ግን ስለ ላም ስትከራከር አይደለም። ከግብፅ የተላከው ጳጳስ አባ ሚካኤል ወደ አገሩ ተመልሶ ከሰሰ፤ ንግሥቲቱ ለምናኝ ወንድሟን ሒሩንን ኤጲስ ቆጶስ አድርጌ ሾምኩት፣ እሱ ግን ሥልጣኔን ቀማኝ አለ። የከሰሰው ጳጳስ ራሱም ጥፋት ተገኝቶበት ተሽሯል፤ በምትኩም ሌላ ጳጳስ መጣ። እንግዲህ ያቺው ለማታውቀው ድሃ የተቆጣች ሴት፣ ለገዛ ወንድሟ ሲሆን ደጅ ጠንታለች ማለት ነው።

ስስቅ አየኋችሁ። አዎ፤ የብድር ኮሚቴ ውስጥ ያለን ሁሉ የየራሳችን ሒሩን አለን። የእህት ልጅ፣ የአበልጅ፣ የጎረቤት። ይህን የምነግራችሁ ንግሥቲቱን ለማሳነስ አይደለም። ስለ ላሚቱ ለመናገር ቅድስት መሆን አላስፈለጋትም ለማለት ነው። እኛንም አያስፈልገንም።

ጭስ የፈለገው ንጉሥ

አሁን ለአፍታ በጣም ሩቅ እወስዳችኋለሁ፤ ወደ ጃፓን። ምክንያት አለኝ፤ የላሊበላ ታሪክ ያልነገረንን አንድ ነገር የጃፓኑ ይነግረናል።

ጃፓኖች ኒሆን ሾኪ የሚባል እ.ኤ.አ. በ720 የተጠናቀቀ የነገሥታት ታሪክ አላቸው። በዚያ መጽሐፍ 16ኛው ንጉሠ ነገሥት ኒንቶኩ ይባላል፤ ዘመኑም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይላል። እንደ ገድላችን ሁሉ ይህም ከዘመኑ ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው። መቃብሩ ነው የሚባለው ጉብታ ዛሬ ኦሳካ አጠገብ ሳካይ በምትባል ከተማ አለ፤ ርዝመቱ 486 ሜትር ነው። እሱም እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በ2019።

ስለዚህ ንጉሥ የሚነገረው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ አገሩን ተመለከተ። ከቤቶቹ ጣራ ጭስ አይወጣም። እህል የሌለበት ቤት እሳት አያነድም፤ ሕዝቤ ተርቧል አለ። ለሦስት ዓመት ግብርና የግዳጅ ሥራ እንዲቀር አዘዘ። ግብር ሲቀር ለቤተ መንግሥቱም የሚገባ ጠፋ። አጥሩ ፈረሰ፣ ጣራው ተቀደደ፣ ዝናብ ወደ ውስጥ ገባ፤ አላስጠገነውም። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ወጥቶ ሲያይ ከየቤቱ ጭስ ይትጎለጎላል። አሁን ሀብታም ሆንኩ አለ። ንግሥቲቱ ግን፣ ቤታችን በላያችን እየፈረሰ፣ ልብሳችን በዝናብ እየራሰ ምን ሀብት አለን ብላ ጠየቀችው። ሕዝብ ደኽይቶ ንጉሥ አይበለጽግም፣ ሕዝብ በልጽጎም ንጉሥ አይደኸይም የሚል መልስ ሰጣት። ቤተ መንግሥቱን ለማደስ ሦስት ተጨማሪ ዓመት ጠበቀ። በመጨረሻ ሥራው ሲጀመር ሕዝቡ ሽማግሌውም ልጁም ያለ አዛዥ እንጨት ተሸክሞ መጣ ይባላል።

የምድጃ ጭስ የሚቆጥር ንጉሥ! እናቴ ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት። በእኛም ሰፈር የችግርን ምልክት የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። «ከነ እገሌ ቤት ዛሬ ጭስ አልወጣም» ብለው በመሶብ ያለውን ተካፍለው ይልካሉ፤ ክርስቲያኗ ለእስላሟ፣ እስላሟ ለክርስቲያኗ።

ከጃፓኑ ታሪክ የምወስደው ግን የንግሥቲቱን ጥያቄ ነው። ምሕረት ዋጋ አለው፤ አንድ ሰው ጣራ ላይ ይፈስሳል። የኒንቶኩ ምሕረት ምሕረት የሆነው በራሱ ጣራ ላይ ስለፈሰሰ ነው። በሌላ ሰው ጣራ ላይ እንዲፈስ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ቸርነት አይባልም ነበር።

የእኛ ላም

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። የምነግራችሁን ነገር ባለቤቷን ፈቃድ ጠይቄ ነው የምናገረው። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ግን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች።

ይህች እህታችን ከተዘዋዋሪ ብድራችን ወስዳ በግ ለማሞከት ገዛች። በጎቹ ታመው አለቁ። ያ ሳያንስ ባሏ አልጋ ያዘ። አራት ወር ሳትከፍል ቆየች። ደንባችን «ተበዳሪዋ ካልከፈለች በመያዣነት ንብረቷ ይወሰዳል» ይላል። ከኮሚቴው ሦስት ሆነን ሄድን። አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ጸሐፊ ነበርኩና ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቤቷ ስንገባ ቡና ልታፈላልን ተነሣች፤ ከዚያ ትዝ አላትና ተመልሳ ተቀመጠች። ቡና አልነበራትም። ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ ቀዝቃዛ ነበር። እኔ ይህን አየሁ፤ አየሁና ወደ ደብተሬ አጎነበስኩ። ከደጅ አንዲት ቀይ ላም ታስራ ነበር። በጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ «አንዲት ቀይ ላም» ብዬ ጻፍኩ፤ አስፈረምኳት። ላሚቱን ከኮሚቴው አባል አንዷ ቤት አሰርናት። በመንገድ ሁሉ ጥጃው ከኋላ ሲጮኽ ይሰማኝ ነበር።

አስቡት። የመስቀል ክብራን ታሪክ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለልጆች አስተምሬያለሁ። ፈተና አውጥቼበታለሁ። «ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን ያጣው በምን ምክንያት ነው ይባላል?» ብዬ ጠይቄ፣ ያልመለሰ ልጅ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ያን ቀን ግን ላሚቱን ስነዳ ወታደሩ እኔ እንደሆንኩ አልታየኝም። እኔም እንደ ነአኩቶ ለአብ ክፉ ሰው አይደለሁም። ለዚህ ነው አስምሩበት ያልኳችሁ። ድሃን ለማስለቀስ ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ ደንብና ደብተር ይበቃል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ፤ ይህን በተለይ ለደጋፊዎቻችን ነው የምናገረው። በዚያ ወር ሪፖርት ላክንላችሁ። «ያልተመለሰ ብድር፦ የለም» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ላሚቱ በመያዣ ስላለች ብድሩ እንደተከፈለ ቆጠርነው። እናንተ ያን ቁጥር አይታችሁ ተደሰታችሁ፤ የምስጋና ደብዳቤም መጣልን። በዚያ «የለም» በሚለው ቃል ውስጥ አንዲት ቀይ ላም ታስራ ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለወደፊት ሪፖርታችን «አልተከፈለም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ብሎ ቢመጣላችሁ፣ ማኅበሩ ደከመ ብላችሁ አትዘኑ።

በወሩ ስብሰባችን ነገሩን ሳቀርብ ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ በዕድሜ ትልቋ አባላችን፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉት እናታችን፣ ከጥግ ሆነው «መምህርት፣ ጥጃዋንስ መዘገብሽው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ላሚቱ ያለ ጥጃዋ ወተት እየነሣች ነበር። ወተት ከሌለ ቅቤ የለም፤ ቅቤ ከሌለ ደግሞ ይህች ሴት ዕዳዋን ከምን ልትከፍል ነው? ብድሩን እናስመልሳለን ብለን መመለሻውን ወሰድንባት። ላሚቱን በዘጠነኛው ቀን መለስናት። እህታችን ከዚያ ወዲህ ቅቤ እየሸጠች በትንሽ በትንሹ ስትከፍል ቆይታለች፤ ዛሬ ሁለት ክፍያ ብቻ ይቀራታል።

የምለምናችሁ

አሁን «ታዲያ ማንም አይክፈል ልንል ነው?» የምትሉ አላችሁ። ትክክል ናችሁ። ገንዘቡ የንጉሥ ገንዘብ አይደለም፤ የሃያ ሴት የእንቁላልና የድንች ገንዘብ ነው። ላስታ ላይ ላሚቱን ለንጉሥ ማዕድ ነው የወሰዷት። እኛ የወሰድነው ተራዋን ለምትጠብቅ ሌላ ድሃ ነው። ይህ ልዩነት አለ፤ አልክድም። አንዷን ስንምር የሌላዋ ተራ ይዘገያል። ስለዚህ እንዲያው ዝም ብለን እንማር አልልም። በማን ጣራ ላይ ይፍሰስ የሚለውን አስቀድመን እንወስን ነው የምለው። በደንቡ ማሻሻያ ላይ የሰፈሩት አራት ነጥቦች ከዚህ የመጡ ናቸው።

አንደኛ፣ የአንድን ቤት ብቸኛ ላም፣ ብቸኛ በሬ ወይም የዕለት እንጀራ ማግኛ ዕቃ በመያዣነት አንወስድም። ሁለት ያላት ሌላ ነገር ነው፤ እሷን እናነጋግራታለን።

ሁለተኛ፣ አንዲት አባል ሁለት ወር ካልከፈለች፣ ደብተር ሳይዙ ሁለት ሴቶች ይጎብኟት። ምድጃዋን ይዩ። ጭስ ካለና ካልከፈለች አንድ ነገር ነው፤ ጭስ ከሌለ ሌላ ነገር ነው። ያዩትን ለስብሰባው ይናገሩ፤ የክፍያ ጊዜውም በዚያ መሠረት ይራዘም።

ሦስተኛ፣ ክፍያ በመራዘሙ የሚጎድለው ገንዘብ መጀመሪያ ከኮሚቴው የትራንስፖርት አበል ይሸፈን፤ ካልበቃ ከማኅበራዊ መረዳጃችን። ይህ ነጥብ እንዳይወደድ አውቃለሁ፤ እኔም አበሉን እወስዳለሁ። ጣራው መጀመሪያ በእኛ ላይ ይፍሰስ።

አራተኛ፣ ዘመድዋ ብድር የጠየቀች የኮሚቴ አባል በዚያ ውሳኔ ላይ ድምፅ አትስጥ፤ ከክፍሉም ትውጣ። ይህን ነጥብ እኔ በልቤ «የሒሩን አንቀጽ» ብዬዋለሁ።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ መስቀል ክብራ ሠራዊት አላዘዘችም። ሥልጣን ላለው ሰው ቅርብ ነበረች፤ ሰማች፤ ዝም አላለችም። ከእኛ መካከል ያን ያደረጉት ጥጃዋን የጠየቁኝ እናታችን ናቸው። ደብተሩ እኔ ጋ ነበር፤ ነገሩን ያዩት ግን እሳቸው ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ከብዷችሁ «እኔ አልተማርኩም፣ ምን አውቃለሁ» ብላችሁ እንዳትተዉት አደራ። ያስተማርኩትን ታሪክ መልሰው ያስተማሩኝ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው።

ከምሳ በኋላ ሰብሳቢያችን ነጥቦቹን አንድ በአንድ ታነብባለች። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ፤ የማትስማሙም ተነሥታችሁ ምክንያታችሁን ተናገሩ። እስከዚያው ቡናው እየፈላ ነው፤ ከደጅ ጭሱ ይታየኛል።

አብሽሩ።